ይግባኝ ወይስ ሰበር? ዘመዳሞች አብረው የተፈረደባቸው የግድያ መዝገብ

ድሬዳዋ ላይ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በግድያ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ይግባኙን የሚያቀርበው ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 መሠረት የይግባኝ ማስታወቂያ በ15 ቀን፣ ቅሬታው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ይቀርባል።

የይግባኝ ትልቁ ጥቅሙ ማስረጃው ራሱ እንደገና መመዘኑ ነው። ወንድም፣ እህትና የአጎት ልጅ በአንድ መዝገብ ሲከሰሱ በአንዱ ላይ የተሰማው ቃል ሳይታወቅ ወደ ሌላው ይጋባል። ዝምድና ግን ብቻውን ማደም አይደለም። ከሳቢያን፣ ከድሬዳዋ ሰፈሮች አንዱ፣ ማታ 3 ሰዓት የተደወለ ስልክ በጥሪ ዝርዝሩ ላይ ቢገኝ፣ መደወሉን እንጂ የተባለውን አያሳይም። ስለዚህ ቅሬታው ለእያንዳንዱ ተከሳሽ ለየብቻ ይጻፍ፦ የትኛው ምስክር አየው፣ ምን ሲያደርግ፣ ድርጊቱስ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 32 ዋና አድራጊ ያሰኛል ወይስ በአንቀጽ 37 አባሪ (ረዳት)? «ቤተሰቡ ንጹሕ ነው» የሚል የጋራ ቅሬታ ብዙ ሰው ይጎዳል፤ የእህትየው መከላከያ ወንድሟን የሚያጋልጥ ሊሆን ይችላልና።

ሰበር፣ ማለትም መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ብቻ የሚያርም ችሎት፣ የሚመጣው የመጨረሻ ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ነው፤ በአዋጅ 1234/2013 መሠረት በ90 ቀን ውስጥ። እዚያ «ምስክሩ ዋሽቷል» ማለት ዋጋ የለውም። የሚያዋጣው፣ በፍሬ ነገር የተረጋገጠው ድርጊት በሕግ አተረጓጎም ተካፋይነትን አያቋቁምም ብሎ መሠረታዊ የሕግ ስሕተቱን ነጥሎ ማሳየት ነው።