የእማዬን ቤት ካሜራ ላስተካከለልን ልጅ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። የደህንነት ካሜራ ገጣሚ ነው፤ ወጣት ልጅ ነው። ሰሚት ያለውን የእማዬን ቤት ካሜራ ያስተካከለልን እሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ ለማስገጠም ያሰባችሁ፣ ወይም የተገጠመው አልሠራ ብሎ ያስቸገራችሁ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። "ጎበዝ ነው፣ ደውሉለት" ብዬ ብቻ ብተወው ልጁ ምን እንዳደረገልን አይገባችሁም። ደግሞ ከእሱ የሰማሁት ነገር ሌላ ባለሙያ ብትጠሩም ይጠቅማችኋል።

ነገሩ የጀመረው በስፖኪዮ ነው። እማዬ ጋ የመጣ እንግዳ መኪናውን በር ላይ አቁሞ አደረ። ሲነጋ ሁለቱም ስፖኪዮ የለም። እማዬ ከሀፍረቷ የተነሳ ቁርስ እንኳ አልበላ አላት። ካሜራ አለ ብለን ዲቪአሩን፣ ማለትም ካሜራዎቹ የሚያዩትን የሚቀርጸውን ማሽን፣ ከፈትን። የዚያን ሌሊት ቀረጻ የለም። ቀን ቀን አራቱም ካሜራዎች ጥርት ብለው ይታያሉ፤ የበሩን ካሜራ ሌሊት ስንፈልገው ግን ባዶ ነው። መጀመሪያ የገጠመው ሰው ሲደወልለት "ሲስተሙ አርጅቷል፣ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት" አለና ዋጋ ጠራ። መጥቶ ሳያይ ማለት ነው።

አሁን የማመሰግነው ልጅ የመጣው በጎረቤት ጥቆማ ነው። ዲቪአሩን ከመንካቱ በፊት በር ላይ የሚያድሩትን ጥበቃችንን አነጋገረ። "አባባ፣ ሌሊት እዚህ ያሉት እርስዎ ነዎት። ይቺ ካሜራ ሲመሽ ምን ትሆናለች?" አላቸው። እስከዚያ ድረስ እሳቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም። "ሲጨልም ዓይኗ ቀላ ይላል። ከዚያ ድርግም ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትበራለች። እንዲህ ስትል ታድርና ሲነጋ ደህና ትሆናለች" አሉት። ልጁ ደስ አለው። "አባባ፣ ግማሹን ሥራ ጨረሱልኝ" አላቸው።

እውነትም ጨርሰውለታል። ካሜራ በጨለማ የሚያየው ለሰው ዓይን እምብዛም በማይታይ፣ ኢንፍራሬድ በሚባል መብራት ነው። በሌንሱ ዙሪያ ያሉት ትንንሽ አምፖሎች ሲበሩ ካሜራው ከቀኑ የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። የእኛ የበር ካሜራ ኃይል የሚያገኘው ሳሎን ውስጥ ካለው አዳፕተር ነበር። ግቢውን ሙሉ አቋርጦ፣ በቀጭን ገመድ። ልጁ የገመዱን ጫፍ ላጥ አድርጎ አሳየን። ንጹሕ መዳብ አይደለም፤ ላዩ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ ያንሳል። ስለዚህ መንገድ ላይ ብዙ ቮልት ይጠፋል፤ ሲመሽ የሚደርሳት ኃይል አልበቃ ሲላት ካሜራዋ ድርግም ትላለች።

እኔን ያስገረመኝ ቀጥሎ ያደረገው ነው። "አሁን ብለካው ደህና ነው የሚለኝ፤ ሲመሽ እመለሳለሁ" ብሎ ሄደ። መሽቶ መጣ። አዳፕተሩ ላይ ቴስተሩን ሲያስገባ 12 ቮልት አለ። በሩ ላይ፣ የካሜራው ዓይን ቀልቶ እያለ ሲለካው ግን 9 ቮልት አካባቢ ነው። "ረጅምና ቀጭን የውሃ ጎማ ጫፉ ላይ ሲደርስ ግፊቱ እንደሚደክመው ማለት ነው" ብሎ ለእማዬ አስረዳት። መፍትሔው አንዲት ትንሽ አዳፕተር ሆነች። ጥበቃው ቤት ውስጥ ሶኬት አለ፤ እዚያ ሰክቶ በአጭር ገመድ ከካሜራው ጋር አገናኛት። በቃ። "ሙሉ በሙሉ ይቀየር" የተባለው ካሜራ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ይቀርጻል።

ሌላው ችግር ሰዓቱ ነበር። ዲቪአር ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትይዝ ትንሽ ክብ ባትሪ አለች፤ ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። የእኛ ሞታለች። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ማሽኑ ቀኑን ረስቶ ወደ 2000 እ.ኤ.አ. ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚቀርጸውን ሁሉ በዚያ ቀን ስም ያስቀምጠዋል። በትክክለኛው ቀን ብትፈልጉት አታገኙትም። በእኛ ሰፈር መብራት ምን ያህል እንደሚጠፋ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ባትሪውን ቀየረ፣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲያስተካክል አደረገው፣ የሰዓት ክልሉንም ጂኤምቲ ሲደመር 3 ላይ አስቀመጠ። ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ በትልልቁ ጽፎ ዲቪአሩ ጎን ለጠፈልን፦ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማሽኑ ላይ 3 ሰዓት ነው። ቀኑም በፈረንጅ ነው የሚፈለገው። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ሰው ደንግጦ ቀረጻ በሚፈልግበት ሰዓት ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ ይጠፋዋል። እማዬ አሁን ማንንም ሳትጠራ ራሷ ፈልጋ ታገኛለች።

የጓሮው ካሜራ ማታ ማታ ጉም የለበሰ ይመስል ነበር። ሌንሱ ላይ የሸረሪት ድር አለ። በዚያ ላይ የጣራው ክፈፍ በጣም ስለቀረበው የራሱ ኢንፍራሬድ ነጩን ክፈፍ መትቶ ይመለስበታል። ድሩን ጠራርጎ ካሜራውን ትንሽ ዝቅ አደረገው፤ ጠራ። ክረምት ላይ ውሃ የገባበትና የዛገ ማያያዣም ነበር። ቀይሮ ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ከተተው።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ። ይህን ለእያንዳንዳችሁ ነው የምናገረው።

ካሜራችሁን በስልክ የምታዩበት አፕ ላይ ባለቤቱ ማነው? ብዙዎቹ አፖች ላይ መሣሪያውን መጀመሪያ ያስገባው ሰው ባለቤት ይሆናል። ሌሎቹ የሚያዩት እሱ ሲያጋራቸው ብቻ ነው። ልጁ የእማዬን ስልክ ከፍቶ አየና ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ "ይህ መሣሪያ የተመዘገበው በሌላ ሰው አካውንት ነው፤ እናንተ በውሰት ነው የምታዩት" አለን። ባለቤቱ መጀመሪያ የገጠመው ሰው ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ፣ ቢፈልግ፣ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ በስልኩ ማየት ይችል ነበር። አይቷል አላልኩም። ግን ይችል ነበር። እማዬ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት።

ልጁ መሣሪያውን ከዚያ አካውንት አስለቅቆ በእማዬ ስልክ ቁጥር አዲስ አካውንት ከፈተላት። የዲቪአሩንም ፓስዎርድ አስቀየራት። ስትጽፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "እማማ፣ እኔ ማወቅ የለብኝም። ለጥገና ስመጣ እርስዎ ይከፍቱልኛል" አላት። እማዬ የስልክ ቁጥር መመዝገቢያ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። እኔ ለዚህ ልጅ ያለኝ አክብሮት የመጣው እዚህ ጋ ነው። ቴስተር የሚይዝ ሰው ይገኛል። ፊቱን የሚያዞር ግን ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት።

ፓስዎርድ መቀየር የይስሙላ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለ ቫይረስ የፋብሪካ ፓስዎርዳቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችን፣ ዲቪአሮችንና ራውተሮችን በብዛት ጠልፎ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በእነዚህ መሣሪያዎች በተከፈተ ጥቃት ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተቋርጠዋል። የሰው ቤት ካሜራ ነው ያንን ያደረገው።

እኔ በዚህ መሀል "በመጣህበት ካሜራዎቹን በተሻሉ ቀይርልን" ብዬው ነበር። 5 ሜጋፒክስል የሚባሉትን። ሻጭ ቢሆን ኖሮ እጄን ይስመኝ ነበር። እሱ ግን "ብር ታባክናላችሁ" አለኝ። ዲቪአራችን ላይ 1080 ላይት የሚል ጽሑፍ አለ። ሙሉው 1080 ቁመቱ 1080፣ ወርዱ 1920 ነጥብ ነው። ላይት የሚባለው ግን ወርዱን በግማሽ ቀንሶ በ960 ነው የሚቀርጸው። ካሜራው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን መቅጃው ካልተቀበለው ዋጋ የለውም። "መጀመሪያ ያለው በደንብ ይሥራላችሁ። ስትችሉ ዲቪአሩን ቀድማችሁ ቀይሩ፤ ካሜራው ከዚያ በኋላ ነው" አለን። ያንኑ አደረግን።

የቀየርነው ዲቪአሩ ውስጥ ያለውን፣ ቀረጻው የሚቀመጥበትን ሃርድ ዲስክ ነው፤ የድሮው የኮምፒውተር ዲስክ ነበር፣ መበላሸትም ጀምሯል። ለካሜራ ተብሎ የሚሠራ ዲስክ አለ፤ ቀን ከሌት ሳያቋርጥ ለመጻፍ የተሠራ ነው። መርካቶ አብሮኝ ሄዶ አስመረጠኝ። ስንት ቀን እንደሚይዝም እዚያው አሰላልኝ። አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚጽፍ ከሆነ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይወስዳል። አራቱ ሲደመሩ 86 ያልፋሉ። ስለዚህ 1 ቴራባይት ዲስክ 11 ቀን ገደማ ይይዝና ከድሮው እየደመሰሰ ይቀጥላል። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ተፈጽሞ "ቆይ፣ በሚመጣው ወር እናየዋለን" ብትሉ ቀረጻው አይጠብቃችሁም። የጓሮውንና የጎኑን ካሜራ እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀርጹ አደረገ፣ የበሩን ግን ሙሉ ቀን ተወው። ሱቅ ውስጥም ሳጥኑ ላይ ያለውንና ዲስኩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አስተያይቶ፣ ደረሰኝ አስቆርጦ ነው የወጣው። ደረሰኙ በእኔ ስም ነው፤ እሱ ላዩ ላይ ምንም አልጨመረም።

መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስም አስገዛን፤ ዲቪአሩንና ራውተሩን ብቻ የሚይዝ ትንሽዬ። የዲቪአሩን ቀረጻ ኢንተርኔት ባይኖርም ታገኙታላችሁ፤ ኢንተርኔቱ የሚያስፈልገው ከሩቅ በስልክ ለማየት ነው።

ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ከዚያ የላካቸው የዋይፋይ ካሜራዎችም ነበሩ፤ ከሳጥናቸው አልወጡም። "አይሠሩም፣ የአሜሪካ ናቸው" ተብለን ነበር። ልጁ አዳፕተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። ስለዚህ የእኛ 220 ምንም አያደርገውም። ሲሞክራቸው መጀመሪያ አልገናኝ ያሉት ስልኩ የራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ላይ ሆኖ ካሜራዎቹ ግን 2.4 ጊጋኸርዙን ዋይፋይ ብቻ ስለሚቀበሉ ነው። ለይቶ አገናኛቸው። አንዱ ሳሎን ገባ።

ወንድሜ ሁለተኛው ማዕድ ቤት በኩል፣ ሠራተኛዋ የምታድርበት ክፍል አጠገብ እንዲሆን ፈልጎ ነበር። ልጁ ስልኩን ተቀብሎ በትሕትና አነጋገረው። "ጋሼ፣ ልጅቷ የምትተኛበትንና የምትለብስበትን የሚያሳይ ካሜራ አልሰካም። ሌላ ቦታ ከሆነም አውቃው ነው የሚሰካው" አለው። ወንድሜም አመነለት። እማዬ ልጅቷን ጠርታ የቱ ካሜራ የቱን እንደሚያይ በስክሪኑ አሳየቻት። የጎረቤታችን መስኮት በጎኑ ካሜራ ይታይ ነበር፤ እሱንም በጥቁር ሸፈነው፤ ዲቪአሩ ላይ ለዚህ የሚሆን ማስተካከያ አለ። ብዙ ጊዜ ስለ ካሜራ ስናወራ ስለ ሌባ ብቻ ነው የምናወራው። አብሮን ስለሚኖረው ሰው ክብር የሚያስብ ገጣሚ ማግኘት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ስፖኪዮውን አላገኘነውም። የዚያ ሌሊት ቀረጻ የለምና። እንግዳችንን ግን እማዬ አስገዝታ አስደስታዋለች።

አንተ ካሜራችንን ያስተካከልክልን ልጅ፣ ይህን ካነበብከው ከልብ እናመሰግንሃለን። እማዬ በየቀኑ ትመርቅሃለች። "እጅህ አይንቀጥቀጥ፣ እንጀራህ ይስፋ" ትልሃለች። ጥበቃችን አባባም ሰላም በልልኝ ብለዋል።

ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ በአደባባይ እንዳይወጣ ጠይቆኛል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ለምርመራ የሚያስከፍለውን አስቀድሞ ይነግራችኋል፤ ዕቃ ካስፈለገ አብራችሁት ሄዳችሁ ብትገዙ ይመርጣል። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ አያነሳም። ከመደወላችሁ በፊት የዲቪአሩን ጀርባና የአዳፕተሩን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት። ማታ በር ላይ የሚያድር ሰው ካላችሁም ካሜራዋ ሲጨልም ምን እንደምትሆን ጠይቃችሁ ጻፉለት።