የእህቴን እጅ ላነቃቃልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ስትሮክ መትቶት እጁ ተጨብጦ የቀረ ሰው ቤታችሁ ካለ እባካችሁ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የማመሰግነው አንድ ፊዚዮቴራፒስት አለ። «ስሜን አደባባይ አታውጪው» ስላለኝ እዚህ አልጠራውም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን አድራሻውን እሰጣለሁ። ለማንም ቢሆን በሙሉ ልቤ ነው የምጠቁመው።

እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። እኛን ታናናሾቿን ያስተማረችን በቀኝ እጇ ሥራ ነው፤ ስትሮኩ የያዘባት ያንኑ እጅ ነው። እግሯ ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ አንደበቷም ተፈታ፣ እጇ ግን እንደተጨበጠ ቀረ። ጥፍሯ መዳፏን እንዳያቆስላት ጨርቅ ጠቅልዬ አስይዛት ነበር። መቀስ የሚታዘዝላት ሴት እጅ ነው እንዲህ የሆነው።

የዞርንባቸውን ቦታዎች ስም አላነሳም፤ ምሬቴን ግን መዋጥ አልቻልኩም። አንዱ ጋ «ስድስት ወር ካለፈው በኋላ ተስፋ አታድርጉ» አሉን። እሱንም የነገሩት ለእኔ ነው፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ እየሰማች። ስንወጣ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሌላ ቦታ ደግሞ በሞተር የሚሠራ ጓንት ያጠልቁላትና ቴሌቪዥን ከፍተውላት ይሄዳሉ። ጓንቱ ጣቶቿን ይዘረጋል፣ ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ያጥፋል። እሷ ፊልም ታያለች። ሰዓቱ ሲሞላ አንዱ መጥቶ ያወልቅላታል፤ «እንዴት ዋልሽ» የሚላት እንኳ የለም። ጓንቱ ሲወልቅ እጇ ያው ተመልሶ ይጨበጣል። ወራት እንዲህ ሄዱ፣ ገንዘቡም ሄደ።

እዚህ ባለሙያ ጋ ስንደርስ ሽቦ የበዛበት ኮፍያ አውጥቶ «አንጎልን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ነው፣ እጅዎን ለመክፈት ሲያስቡ ያነብና እጅዎ ላይ የሚጠለቀውን ጓንት ይከፍታል» ሲላት ልቤ ፈራ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሌላ የማይጨበጥ ተስፋ እንድትሸከም አልፈለግኩም። ቤት ገብቼ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለስትሮክ ታማሚዎች እጅ ማገገሚያ እ.ኤ.አ. በ2021 ፈቅዷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014 ኦሃዮ ውስጥ አንገቱ ላይ ተጎድቶ ጣቶቹ የማይታዘዙለት ኢያን በርክሃርት የተባለ ወጣት አንጎሉ ውስጥ በተተከለ መሣሪያ እጁን ዳግም አንቀሳቅሷል። የእሱ በቀዶ ሕክምና ነው፤ የእኛው ኮፍያ ግን ከራስ ቅል ውጭ የሚቀመጥ ነው፣ ምንም የሚወጋ ነገር የለውም።

ከሁሉም በላይ ዓይኔን የገለጠልኝ የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት ነው። ስትሮክ ከመታቸው የቆዩ 32 ሰዎችን ለሁለት ከፈሏቸው። የአንደኛው ቡድን እጅ በማሽን የሚንቀሳቀሰው ሰውየው ራሱ ለማንቀሳቀስ ሲሞክርና አንጎሉ ያንን ሲያሳይ ብቻ ነው፤ የሌላው ግን እንዲያው በዘፈቀደ። ሁለቱም ፊዚዮቴራፒ ያገኛሉ። የተሻለ ለውጥ ያሳየው የመጀመሪያው ቡድን ሆነ። ያ የቴሌቪዥኑ ጓንት ለምን እንዳልፈየደን ያኔ ገባኝ። እጇን እያንቀሳቀሱ እሷን ትተዋት ነበር!

ውስጣዊ አሠራሩን አትጠይቁኝ፣ ስክሪኑ ላይ የሚራወጠው መስመር ዛሬም አይገባኝም። ባለሙያው የነገረን ይህን ነው፦ አንጎል «ክፈት» ሲል በዚያው ቅጽበት እጁ ከተከፈተና የመከፈቱ ስሜት ወደ አንጎል ከተመለሰ፣ ሁለቱ እየተደጋገሙ ሲገናኙ የተዘጋውን መንገድ ዞሮ የሚያልፍ ሌላ መንገድ ይበጃል።

አሁን ልነግራችሁ የፈለግኩት ነገር ላይ ደረስኩ። አንድ ቀን ማሽኑ ጭራሽ እምቢ አለ። እትዬ ታስባለች፣ ግንባሯ በላብ ይርሳል፣ ጓንቱ ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ «በቃ፣ ጭንቅላቴም አብሮ ሞቷል ማለት ነው» ብላ አለቀሰች። ሌላ ሰው ቢሆን «አይዞሽ» ብሎ ቀጠሮ ይቀይር ነበር። እሱ ኮፍያውን አወለቀላት፣ በራሱ ጭንቅላት ላይ አጠለቀው፣ ኮፍያው በደንብ እንዲያነብ የሚቀባውን ጄል በራሱ ፀጉር ውስጥ ጨመረ፣ ጓንቱንም በእጁ አስገብቶ ፊቷ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ለእሱም አልተከፈተም! «አዩ እትዬ» አላት፣ «እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ለእኔም እምቢ አለኝ። ጤነኛ ሆነው ሐሳባቸው ለማሽኑ ቶሎ የማይነበብላቸው ብዙ ናቸው። ማንበብ ያቃተው እሱ ነው፣ እርስዎ አላጠፉም።»

ከዚያ ኮፍያውን መልሶ ለእሷ አስተካከለና ሥራዋን ጠየቃት። «እጅዎ ሲከፈት በሐሳብዎ አይመልከቱት። ጨርቅ ሲለቁ ጣትዎ የሚሰማውን ያስታውሱት» አላት። ዝም አለች። ጓንቱ ተከፈተ። እንደገና ተከፈተ። እኔ ጥግ ቆሜ አለቀስኩ፣ እሱ ግን ሥራውን ቀጠለ። ሲጨርሱ ፀጉሯ ውስጥ የቀረውን ጄል በሞቀ ውኃ አጥቦ፣ አድርቆ ሸኛት። ይህን ሰው እንዴት አላመስግነው?

ተአምር ነው አልላችሁም፣ እሱም እንዲህ ብሎ አያውቅም። ቀላል አልነበረም፣ ወራት ፈጅቷል፣ የተለመደውንም ፊዚዮቴራፒ ለአንድ ሳምንት አላስቋረጣትም። መርፌ ላይ ክር ማስገባት እስካሁን አትችልም። ነገር ግን ያ የተጨበጠ እጅ ዛሬ ያለ ጓንት ይዘረጋል፤ ጨርቁን በቀኟ ደግፋ በግራዋ ትሰፋለች። ጥቅልል ጨርቁን ካስቀመጥነው ቆየን። እሷንም ቢሆን ከሁሉ በላይ ደስ የሚላት ባለሙያው የሚያናግረው እሷን ራሷን መሆኑ ነው። እኔ አብሬ ብቀመጥ እንኳ ጥያቄውን የሚጠይቀው እሷን ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ «ጊዜው አልፏል» ተብላችሁ የተመለሳችሁ ሰዎች፣ ሄዳችሁ አናግሩት። ለማን እንደሚሆን፣ ለማን እንደማይሆን መርምሮ በግልጽ ይነግራችኋል፤ አይሆንም ካለም ያለ ጥቅም አያመላልሳችሁም። ሄዳችሁ ጠይቁ፣ አደራ!

ለመጀመሪያ ቀጠሮ ስትሄዱ ፀጉር ታጥቦ ቅባት ሳይነካው ይሁን፤ ቅባት ካለ ኮፍያው በደንብ አያነብም። የሚጥል በሽታ ወይም ጭንቅላት ውስጥ የተተከለ ነገር ያለበት ሰው ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት። አድራሻውን የምትፈልጉ ጻፉልኝ። እትዬም «ማናገር የሚፈልግ ካለ ደውሉልኝ በያቸው» ብላኛለች፣ ስልኳን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ።