ደብረ ማርቆስ፣ ቤቴ አጠገብ ያለችው ምግብ ቤት

ፍራንክፈርት ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ያገኘኝ ሁሉ «ኑሮው የቱ ይሻላል?» ይለኛል። እኔ ግን ቶሎ ትዝ የምትለኝ ይቺ ምግብ ቤት ናት።

ሽሮው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይመጣል። የቅቤው መዓዛ ከበር ነው የሚቀበላችሁ። እንጀራው የጎጃም ነጭ ጤፍ ነው፤ ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ሲቆርሱት ልስልስ የሚል። ጀርመን ጤፉን ከሌላ ዱቄት ጋር እየደባለቅን ነበር የምንጋግረው። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስውጥ እንባዬ መጣ።

እዚያ እሁድ አብዛኛው ሱቅ በሕግ ዝግ ነው፤ ቀኑ አልመሽ ይለኝ ነበር። እዚህ ከቅዳሴ መልስ ወንበር አይገኝም። ባለፈው የማላውቃቸው እናት ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። «ነይ ልጄ፣ ጉረሺ» አሉኝ።

ውሃው ግን ያሳዝነኛል። ፍራንክፈርት ከቧንቧ ቀድቼ እጠጣ ነበር። እዚህ ሁለቴ በጆግ ነው የታጠብኩት፤ አንድ ቀን ቡናውም ቀረ። ባለቤቷ ሮቶ ቢያስተክሉ እላለሁ፣ ቤቱ ይገባዋል።

ነገ ረቡዕ ነው። የተልባ ፍትፍት አለ ብለውኛል፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እሄዳለሁ።