ከፒችትሪ ወደ ኦዱ፦ ከስድስት ወር በኋላ

ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ እንሸጣለን። ሒሳባችን ለዓመታት ፒችትሪ 2010 የሚባል የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ነበር፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ። ዕቃ ቤቱ ደግሞ በቢን ካርድ (የየዕቃው ገቢና ወጪ በእጅ የሚጻፍበት ካርድ) እና በኤክሴል። ሦስቱ ተስማምተው አያውቁም። "የቪትዝ ፍሬን ሸራ አለ?" ሲባል መልሱ "ቆይ፣ ጋሼን ልጠይቅ" ነው። ጋሼ የዕቃ ቤት ኃላፊያችን ናቸው።

ሒሳብንና ዕቃ ቤትን አንድ ላይ የሚይዘውን ኦዱ የሚባል ሶፍትዌር የመረጥነው ኮሚዩኒቲ የሚባለው ዕትሙ ነፃ ስለሆነ ነው። ነፃው ግን የመጠቀም ፈቃዱ እንጂ ሶፍትዌሩን የሚገጥምላችሁ ባለሙያ አይደለም! ሙሉው የሒሳብ ክፍልም ያለው የሚከፈልበት ዕትም ላይ ነው። ይሄን ያወቅነው ቀብድ ከከፈልን በኋላ ነው፤ ገጣሚዎቹ ትንፍሽ አላሉም።

የሚያደክመው ሶፍትዌሩ ሳይሆን የዕቃ ዝርዝሩ ነው። አንዱ የዘይት ፊልትሮ በ4 ስም ተመዝግቦ አገኘነው። አንዱ ላይ ሲቀነስ ሌላው ላይ ሞልቶ ይታያል። ማጥራቱ ብቻ 3 ሳምንት ፈጀ፤ ማታ ማታ፣ መደርደሪያ ሥር ተንበርክከን። ይሄን ሳትጨርሱ ወደ አዲሱ አትሻገሩ።

የተሻገርነው ሐምሌ 1 ነው። በጀት ዓመቱ ሲጀምር የመክፈቻ ሒሳብ ማስገባት ይቀላል። ሲስተሙ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሠራ የዓመቱን መዝጊያ ከዲሴምበር 31 ወደ ጁላይ 7 (ሰኔ 30) መቀየር እንዳትረሱ።

አሁን ሽያጭ ሲመዘገብ ዕቃው ወዲያው ከክምችት ይቀነሳል፣ 15 በመቶው ቫትም ለብቻው ይወጣል። ጋሼ እንኳ በስልካቸው ያያሉ። ቢን ካርዷን ግን አልጣሏትም፤ "መብራት ሲጠፋ እናያለን" ይላሉ።