ዋየርሻርክ ከስምንት ወር በኋላ፦ ሁለተኛዋ ኦፈር

ዋየርሻርክ ኔትወርክ ላይ የሚያልፉትን የመረጃ ቁራጮች (ፓኬቶች) ይዞ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። በነፃ ይወርዳል፤ የሚያስከፍለው ጊዜ ነው። ለመልመድ የሄደብኝን ጊዜ ግን በአንድ ጠዋት መልሶልኛል፤ ይህን ግምገማ ያስጻፈኝም ያ ጠዋት ነው።

በዚያ ጠዋት አርባ ያህል ኮምፒውተር ባለበት ቢሮ ከፊሉ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ከፊሉ አያገኝም። የቢሮው አድራሻ በ192.168.10 ሲጀምር፣ የተቋረጠባቸው ግን በ192.168.0 የሚጀምር ይዘው ተገኙ። ሪስታርት ሲደረጉ አንዳንዶቹ ይስተካከላሉ፤ ደህና የነበሩት ደግሞ በተራቸው ይቋረጣሉ። ይህን ምልክት ያየ ሰው ሌላ የዲኤችሲፒ ሰርቨር (ለኮምፒውተሮች የኔትወርክ አድራሻ የሚያድል) ኔትወርኩ ውስጥ ገብቷል ብሎ ይጠርጥር። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ዋይፋይ ለማግኘት ብሎ የቤት ራውተር አምጥቶ በላን ፖርቱ (ለቤት ውስጥ ኮምፒውተሮች በተሠራው መሰኪያ) በኩል ግድግዳው ላይ ሰክቶት ነው።

ጥርጣሬውን ወደ ማስረጃ የሚቀይረው ሥራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዋየርሻርክን ከፍታችሁ በኬብል የተገናኘውን ካርድ ምረጡ (ከስሙ አጠገብ ያለችው መስመር ከፍ ዝቅ የምትለው እሱ ነው)። ላይኛው የፊልተር ሳጥን ውስጥ በትናንሽ የላቲን ፊደላት ዲኤችሲፒ (dhcp) ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ በዊንዶውስ ትእዛዝ መስኮት አይፒኮንፊግን መጀመሪያ ከሪሊዝ (ipconfig /release)፣ ቀጥሎ ከሪኒው (ipconfig /renew) ጋር አስኪዱ። በጤናማ ኔትወርክ ከሪኒው በኋላ አራት መስመር ይወጣል፦ ዲስከቨር (ኮምፒውተሩ ሰርቨር ሲፈልግ)፣ ኦፈር (ሰርቨሩ አድራሻ ሲያቀርብ)፣ ሪኩዌስት (ኮምፒውተሩ ያን አድራሻ ሲጠይቅ)፣ አክ (ሰርቨሩ ሲያጸድቅ)። የዚያን ቀን አምስት ወጣ። ኦፈሯ ሁለት ነበረች፤ አንዷ ከትክክለኛው ሰርቨር፣ ሌላዋ ከ192.168.0.1። እጅ ከፍንጅ ማለት ይሄ ነው።

ግማሹ ሠርቶ ግማሹ የማይሠራበት ምክንያትም እዚያው ይታያል። ኮምፒውተሩ «አድራሻ ስጡኝ» ብሎ ለሁሉም ይጮሃል፤ በአብዛኛው ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል። ሪስታርት ሲደረግ ደግሞ የቀድሞ አድራሻውን ልያዝ ብሎ ይጠይቃል፤ ባዕዱ ራውተር «ይህ የኔ አይደለም» ብሎ ናክ ከላከበት ደህና የነበረው ማሽን እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ «አጥፍታችሁ አብሩት» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ ችግሩን ያስፋፋዋል።

ሁለተኛዋን ኦፈር ጠቅ አድርጋችሁ የኢተርኔት መስመሩን ስትከፍቱ የላኪው ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) ይወጣል። ዋየርሻርክ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ባይቶች ወደ አምራቹ ስም ስለሚተረጉመው የምትፈልጉት ዕቃ የማን ሥሪት እንደሆነ ገና ከወንበራችሁ ሳትነሱ ታውቃላችሁ። ራውተሩ ሥር የተለጠፈው ቁጥር በመጨረሻው አሃዝ ቢለይ አይግረማችሁ፤ የላኑና የዋይፋዩ ማክ ብዙ ጊዜ ተከታታይ ነው። ስዊቻችሁ (ኬብሎቹን የሚያገናኘው ሳጥን) የሚተዳደር (ቅንብሩ ውስጥ የሚገባበት) ከሆነ የማክ ሠንጠረዡ ውስጥ ፖርቱን ታገኛላችሁ። በዚያ ፖርት ላይ ብዙ ማክ ከተደረደረ ወደ ሌላ ስዊች የሚወስድ ነውና እዚያ ሄዳችሁ ድገሙት። ተራ ስዊች ከሆነ ላፕቶፑ የባዕዱን አድራሻ በያዘበት ሰዓት 192.168.0.1ን ያለማቋረጥ ፒንግ እያደረጋችሁ («አለህ ወይ» ብሎ መልስ የሚጠብቅ ትእዛዝ ነው) ኬብሎቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። መልሱ የተቋረጠበት ኬብል እሱ ነው።

ሻጮች ሲመጡ «ነፃ ፕሮግራም ለትምህርት እንጂ ለሥራ አይሆንም፤ ሁሉን ባንድ ስክሪን የሚያሳይ መከታተያ አለን» ይላሉ። ያ ስክሪን ምን ያሳያል? ሰርቨሩ በርቷል፣ ስዊቹ በርቷል፣ መስመሩ አለ። በዚያ ጠዋትም ሁሉም በርተው ነበር! ችግር ያመጣው የማንም መዝገብ ላይ የሌለ ዕቃ ነው፤ ያልተመዘገበን ዕቃ የሚያሳየው ሽቦው ላይ የሚያልፈው ፓኬት ነው።

የሚያናድድ ነገር የለውም አልልም። የመቅረጫ ፊልተሩ (ምን እንደሚያዝ የሚወስነው) እና የማሳያ ፊልተሩ (ከተያዘው ምን እንደሚታይ የሚወስነው) ሰዋስው ይለያያል፤ ለመቅረጫው ፖርት 67 ወይም 68 ብላችሁ መጻፍ አለባችሁ። የቆዩ ማስተማሪያዎች ቡትፒ የሚሉት ፊልተር በ2019 ከወጣው 3.0 ጀምሮ ዲኤችሲፒ ተብሏል። ዊንዶውስ ላይ ኤንፒካፕ (ፓኬት የሚይዝለት አጋዥ ፕሮግራም) ካልተጫነ ካርዶቹ አይታዩም። ሌሊቱን ሙሉ ከተዋችሁት ሜሞሪውን ይበላዋል፤ በመቅረጫ አማራጮቹ ውስጥ በየ100 ሜጋባይቱ አዲስ ፋይል እንዲከፍትና ከአስር ፋይል በላይ እንዳይዝ እዘዙት። ስዊች ላይ የሌሎችን የእርስ በርስ ንግግር ማየት ከፈለጋችሁም ፖርት ሚረሪንግ (በሌላ ፖርት የሚያልፈውን ወደ እናንተ ፖርት መገልበጥ) የግድ ነው። ኦፈሯን ግን ያለሱም ታያላችሁ፤ የጠየቀው የራሳችሁ ላፕቶፕ ነዋ።

ራውተሩ ዋይፋይ ለመስጠት የግድ ካስፈለገ ዲኤችሲፒውን አጥፉት፣ አድራሻውን ከቢሮው ክልል ስጡት፣ ከዚያ በላን ፖርቱ ሰኩት። የሚተዳደር ስዊች ያለው ሰው ዲኤችሲፒ ስኑፒንግን (ካልታመነ ፖርት የሚመጣን ኦፈር የሚያግደውን ቅንብር) አብርቶ ወደ ትክክለኛው ሰርቨር የሚወስዱትን ፖርቶች ብቻ ታማኝ ያድርግ። ከዚያ ሪሊዝና ሪኒውን ድገሙና ቁጠሩ፤ ከሪኒው በኋላ መስመሩ አራት፣ ኦፈሯም አንድ መሆን አለባት።