ለአንዲት የፎቶ ማተሚያ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን የምስጋና ጽሑፍ ያቀረብኩት በሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ፎቶግራፍ ለምታትም እህታችን ነው።

በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ያነሣኋቸውን አሥራ ሁለት ፎቶግራፎች ሌላ ቦታ አሳትሜ ፀሐይ በሚገባበት የካፌ ግድግዳ ላይ ሰቅያቸው ነበር። ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ቀዩ ጀልባ ወደ ብርቱካናማ አደላ፤ የአጥማጆቹም ፊት አረንጓዴ ጥላ አጠላበት። የሁለት ዓመት ልፋቴ ነበርና ከልብ አዘንኩ።

ወደ እርሷ ስወስዳቸው አንዱን ከፍሬሙ አውጥታ ጠርዙን አሳየችኝ። በእንጨቱ ሥር ተሸፍኖ የቆየው የጣት ስፋት ያህል ቦታ እንደታተመበት ቀን ደማቅ ነበር። ዳይ የሚባለው የኢንክጄት (ቀለም በደቃቁ እየረጨ የሚያትም ፕሪንተር) ቀለም በፈሳሹ ውስጥ የሟሟ በመሆኑ ብርሃንና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ቶሎ እንደሚያፈርሱት፣ ፒግመንት የሚባለው ግን ባልሟሙ ደቃቅ ቅንጣቶች የተሠራ ስለሆነ እጅግ የተሻለ እንደሚቆይ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ርካሽ መሙያ ቀለም ፕሪንተሩ ላይ ከፕሪንተሩ ዋና ቀለም ጋር አንድ መስሎ ቢታይም፣ ልዩነቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ግድግዳ ላይ ነው።

ሥራዎቼን አሲድ በሌለው የጥጥ ወረቀት ላይ በፒግመንት ቀለም እንደገና አተመችልኝ። ዋጋው ከመጀመሪያው በእጅጉ ይበልጣል፤ ይህንንም ሥራውን ሳትጀምር በግልጽ ነግራኛለች። ለመውሰድ በቸኮልኩ ጊዜም፣ ቀለሙ በደንብ ሳይደርቅ መስታወት ውስጥ ከገባ የሚተነው ነገር መስታወቱን ከውስጥ እንደሚያደበዝዘው ነግራ እስከ ማግሥቱ አስጠበቀችኝ። ፎቶው መስታወቱን እንዳይነካና እንዳይጣበቅበት ዙሪያውን ማት በሚባል መሐሉ ክፍት በሆነ የካርቶን ክፈፍ አቀፈችው። ከሁሉ በላይ ያከበርኳት ግን «ለዘላለም አይለቅም» ባለማለቷ ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ግድግዳ ላይ እንድሰቅላቸውና ዋናውን ፋይል በሁለት ቦታ እንዳስቀምጥ አጥብቃ መከረችኝ።

ለኤግዚቢሽን ወይም ለሽያጭ ሥራችሁን የምታሳትሙ የሐዋሳና የአካባቢዋ ሠዓሊዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች፣ ገዢያችሁ በአደራ የሚረከበውን ሥራ ለእርሷ ብትሰጡ አትጸጸቱም። ስሟንና አድራሻዋን ያለ ፈቃዷ እዚህ ማስፈር ስላልፈለግሁ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ አስፈቅጄ እነግራለሁ። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ።