አንድ ተራራ፣ ሁለት ቀለም፦ ካንዲንስኪ ወይስ ሙንተር?

ሠዓሊዎቹ ቫሲሊ ካንዲንስኪና ጋብሪኤሌ ሙንተር እ.ኤ.አ. በ1908 ከጀርመኗ ሙኒክ በስተደቡብ በምትገኘው ሙርናው አንድ አካባቢ ላይ ቆመው ሣሉ። ተራራው ያው፣ መንደሩ ያው። ሁለቱም ቀለምን የተጠቀሙት ያዩትን ለመቅዳት ሳይሆን የተሰማቸውን ለማውጣት ነው። ውጤቱ ግን ለየቅል ነው።

ሙንተር ወፍራም ጥቁር መስመር ታሰምርና ውስጡን በወጥ ቀለም ትሞላዋለች። ሜዳው አረንጓዴ፣ ተራራው ሰማያዊ፣ አለቀ። ይህን ድፍረት ካጠናከሩላት ነገሮች አንዱ በመስታወት ጀርባ ላይ የሚሣለው የዚያው አካባቢ፣ የባቫሪያ፣ ባህላዊ ሥዕል ነው። በ1909 ሠዓሊ ጓደኞቿን ያውሌንስኪንና ቬሬፍኪንን ሣር ላይ አረፍ ብለው ስትሥል ዓይንና አፍንጫ እንኳ አልሰጠቻቸውም። ሰውም እንደ ኮረብታው የቀለም ንጣፍ ሆኗል። እንዲህ ማሳጠር ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም።

ካንዲንስኪ ዘንድ ደግሞ ቀለሙ መስመር አያግደውም፤ ከቤቱ ወደ ዛፉ፣ ከዛፉ ወደ ሰማዩ ይፈሳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተራራው ራሱ ሊለይ እስኪያቅት ድረስ ገፋበት።

ዝናው የእሱ ነው። ለጀማሪ ተመልካች ግን እኔ ሙንተርን አስቀድማለሁ፤ ቀለም ብቻውን ምን ያህል እንደሚሸከም እሷ ጋ ቶሎ ይታያል። ደግሞም በናዚ ዘመን የእሱን ሥራዎች ጭምር ሙርናው ባለው ቤቷ ምድር ቤት ደብቃ ያተረፈችው እሷ ናት። በ1957 ለሙኒክ ከተማ ሰጠቻቸው፤ ዛሬ የሁለቱም ሥዕሎች ሌንባኽሃውስ ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ።